ሁለት ቆብ

በሰኔ አጋማሽ፣ ከቦርከና ማዶ፣
ሞተሬ አቧራ ለብሶ፣ ዳገቱ ላይ ነድዶ፣
ጦይባ ደጅ ደረስኩ፣ ደብተሬን ታቅፌ፣
የቀበሌውን ኮታ በቀይ ቀለም ጽፌ፦
ዩሪያ ይህን ያህል፣ ምርጥ ዘር ይህን ያህል፤
«ፈርሚ እንጂ እትዬ፣ ዝናቡ ይቀድመናል።»

ማሾ ትለቅማለች፣ ጠጠሩን ለይታ፤
ቀና አላለችልኝም፣ ለወጉ ሰላምታ።
«ያምናው ዕዳ ሳያልቅ የዘንድሮን ላምጣ?
ማሽላዬ ሲረክስ፣ ኩንታልህ ሲወጣ፣
መሬቱ የኔ ነው ወይስ የብድር ቤት ጣጣ?»
እኔም ከስሟ ፊት ለፊት፣ ሳላቅማማ ጽፌ
«ኋላ ቀር» አልኳት፤ ወጣሁ በራፉን አልፌ።
(ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አፈርን የማውቀው በፈተና ወረቀት ነበር።)

ዝናቡ ግን ያን ዓመት ሐምሌን ዘለለ፤
ነሐሴ ላይ ብቅ አለ፣ እንግዳ መሰለ።
የኔ ሠርቶ ማሳያ ገርጥቶ ቀረ፤
ማዳበሪያው ውኃ ጠምቶት ሥሩን አሳረረ።
የሷ ጥጋብ ነበር አልልም፤ ውሸት ነው።
ግን ቆሞ ነበር።
ደገለት ከመሃሉ፣ ወተት በጉንጬ ከዳሩ፣
ማሾ ከሥራቸው፣ ልብስ ሆኖ ለአፈሩ፣
ከሁሉም ውጭ ደግሞ መራራው ዘንጋዳ፣
ግሪሳ የማይወደው፣ ዘበኛ ለሜዳ።
አንዱ ሲንበረከክ አንዱ ይቆምለታል፤
ማሳዋ እንደ መንደር ተደጋግፎ ያድራል።

ታኅሣሥ ላይ ተመለስኩ። አውድማው ተለቅልቋል።
«ይህን ዘር» አልኳት፣ «ከየት አቆየሽው?»
የጠበቅሁት ተረት ነበር፦ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ቅል፣
ረሃብ ያልደፈረው፣ ከቅድመ አያት የመጣ።
ሳቀች።
«በላነው» አለችኝ።

«በሰባ ሰባት በላነው። ዘር ነው ብሎ የሚያፍር ሆድ የለም።
እናቴ አንዲት ዘለላ ደብቃ ነበር፤
ማታ ወንድሜ አለቀሰ። እሷም ተፈጨች።
ዝናብ ሲመጣ የምንዘራው አልነበረንም፤
መሬቱ ረጥቦ ያየናል፣ እናየዋለን።
አባቴ በእግሩ ወረባቦ ወጣ።
ሐሰኖ የሚባል፣ ዘመዳችን ያልሆነ ሰው፣
ቆቡን ከራሱ አውልቆ በሱ ሰፈረለት።
‹ስታጭድ ሁለት ቆብ፤ ለኔ ካልሆነም ለተቸገረ› አለው።
ከዚያ ወዲህ ይዞራል።
አምና የሐሰኖን ልጆች ማሳ ጎርፍ ወሰደው፤
እኔ ቆብ የለኝ፣ በሻሼ ቋጥሬ ላክሁ።»

ዝም አልን። ከብቶቹ አገዳ ይቆረጥማሉ።

«አንተንም አልጠላህም» አለች። «እርከኑ ጥሩ ነው፤
አፈሬ ዘንድሮ ወደ ቦርከና አልሄደም።
ነቀዝ የማያስገባውን ከረጢት አምጣልኝ፤
ያን ዝናብ የምትለካበትንም ጣሳ፣ ልጄ ታንብበው።
ዩሪያህንም ቢሆን በጭልፋ እንጂ በአካፋ አትስጠኝ፤
ፍግ አለኝ፣ አመድ አለኝ፣
አጥፍቼ የምማርበት ሌላ መሬት ግን የለኝም።
አሁን፣ ቆብ አለህ?»

ቆብ አልነበረኝም። ሄልሜቴን ሰጠኋት።
ገልብጣ እስከ አፉ ሞላችው።
እኔም ደብተሬን ገልጬ «ኋላ ቀር»ን ሰረዝኩ፤
ከራሴ ስም ፊት ለፊት ጻፍኩ፦ ዕዳ፣ ሁለት ሄልሜት።
ፈረምኩ።

ሐርቡ መግቢያ ላይ ትራፊክ አስቆመኝ።
«ሄልሜትህስ?»
«ዘር ይዟል።»
ጎንበስ ብሎ አየ፤ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበራት፤
ዓይኑ ራቅ ያለ ቦታ ደርሶ መጣ።
«ደገለት ነው» አለ። «አባቴ...»
የቀረውን አልጨረሰም።
የቅጣት ደረሰኙን ጽፎ ሰጠኝ፤ ሕግ ሕግ ነው።
ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ዘረጋልኝ።
«ስታጭድ ሁለት» አልኩት።